የሻይ ሻጩ ጆሮ

ኧረ አናንያ! ግባ፣ ግባ! በሩን ግፋው፤ ከታች ይይዛል፣ በእግርህ መታ አድርገው… እንደሱ! አንተ ልጅ፣ ፐርዝ ማዕድን ማውጫ ነው የሠራኸው ወይስ ፀሐይ ላይ አስጥተውህ ነበር? ና እቀፈኝ። ቆይ፣ መጀመሪያ ምላጩን ላስቀምጥ።

እዚያኛው ላይ ተቀመጥ። ይሄ ወንበር ተይዟል… እሱ? እሱ ደንበኛ ነው። ጺሙን ሊላጭ መጥቶ ትኩስ ፎጣ ጠቀለልኩበት፤ ሙቀቱ ሲያገኘው እንቅልፍ ይዞት ሄደ። አየህ፣ ከአንገቱ በላይ ከጆሮው በቀር የሚታይ ነገር የለውም። ጆሮ ደግሞ ሰው ሲተኛ አይሠራም… ይሠራል እንዴ? እኔ በምን አውቄ! ትምህርት ቤቱን በጊዜ ነው የተሰናበትኩት። አይ፣ አይሰማም። ዘና በል።

ጫማውን ለምን ታያለህ? ጫማ ነው። እዚህ ዌስት ፉትስክሬይ ሰፈር ውስጥ እንደዚህ የሚያብረቀርቅ ጫማ ያለው አንድ ሰው ብቻ ነው እንዴ?

እና ምን ላድርግልህ? ጎን ጎኑን ላሳጥረው?… ቆይ፣ ያንን ወረቀት በሩ ላይ ነው ያገኘኸው? አዎ፣ የቅዳሜው ነው። የማኅበሩ አዳራሽ ውስጥ ፊልሙን ያሳያሉ። «የኛ ኮከብ በዓለም መድረክ!» ይላል። ፎቶው አያምርም? ቤት ውስጥ ለምን ጥቁር መነጽር አደረገ ብለው የሚያሙ አሉ። እኔ ግን ልክ ነው እላለሁ። ሰው በራሱ ብርሃን ዓይኑ ቢጠፋስ?

አልሰማህም እንዴ? እውነትህን ነው? ፐርዝ ሬዲዮ የለም? እንግዲያው ከሥሩ ልንገርህ፤ ፎጣው እስኪበርድ ጊዜ አለን። ስም ግን አልጠራም። ሰውን በሌለበት በስሙ ማንሳት እናቴ አላስተማረችኝም።

ፊልሙን የሠራው አንድ እንግሊዛዊ ሽማግሌ ነው። ታሪኩ ህንድ አገር ነው፤ ከሠርጓ አምልጣ ባቡር ጣቢያ ስለገባች ሙሽራ። አብዛኛውን እዚያው ህንድ ቀረጹት። የባቡር ጣቢያው ሲቀራቸው ዝናብ መጣባቸውና ሽማግሌው «ሜልበርን እንሂድ» አለ። ዝናብ ሸሽቶ ሜልበርን የመጣ ሰው ታሪክ ውስጥ እሱ የመጀመሪያው ይመስለኛል።

ሜድስቶን አንድ ባዶ ፋብሪካ ተከራዩና ባቡር ጣቢያ አደረጉት። ቀለም ቀቡት፣ መልሰው አቆሸሹት፣ ጭስ ለቀቁበት። ላምም አስገቡ። ላሟ ባከስ ማርሽ ተወልዳ ያደገች ንጹሕ አውስትራሊያዊት ናት። ግንባሯ ላይ አበባ አሰሩላትና በአንድ ጠዋት ህንዳዊት ሆነች። ፎርም ሳትሞላ! እናቴ ዜግነት ለማግኘት ስንት ጊዜ ተፈትና እንደነበር ታውቃለህ።

ጣቢያውን የሚሞላ ሰው ግን የለም። እንመጣለን ያሉት ታርኔት ሰፈር ያሉ ህንዶች ነበሩ፤ የዚያን ቀን ደግሞ ህንድ ከአውስትራሊያ ጋር ክሪኬት ነበራት። ስለ ህንድ ፊልም የሚሠራ ሰው የክሪኬቱን ቀን ሳያይ ህንድ ይጠራል? በኋላ ለፊልሙ ሽልማት የሰጡት ሰዎች ይሄንን አልሰሙም። ከተጠሩት የመጡት አንክል ጉርሚት ብቻ ናቸው፤ ባለ ጥምጣሙ ሽማግሌ፣ ታክሲ የሚነዱት። እሳቸውም ጨዋታውን በጆሮ ማዳመጫ እየሰሙ ነው የሚተውኑት። ሙሽራዋ ስታለቅስ እሳቸው እንደ ጎል «ሲክስ!» ብለው ጮኸው አንዱን ሲን አበላሽተውታል።

ከዚያ አንዲት ረዳት ልጅ መኪናዋን እያከነፈች ፉትስክሬይ ደረሰች። የምትፈልገው ጠይም፣ ጸጉራም፣ ሥራ ፈት ነው። እኛን ካፌው ደጃፍ ተደርድረን ስታየን እኮ እንባዋ መጣ።

እኛ ስልህ፣ እኔና… አንድ ልጅ። ካርልተን ፎቁ ላይ አንድ ኮሪደር ነው ያደግነው። የነሱ በር ሲዘጋ የኛ ግድግዳ ይንቀጠቀጥ ነበር። እናቱ የማታ ሺፍት ስትሠራ እራቱን እኛ ቤት ነው የሚበላው። አገባቡ ትዝ ይልሃል? በሩ ላይ ይቆምና «ኧረ እኔ በልቻለሁ፣ እትዬ አስካለማርያም።» እናቴ፦ «በሞቴ፣ ና ተቀመጥ!» «ኧረ ጠግቤያለሁ፣ በእውነት።» «በሞቴ ስልህ!» ከዚያ ይቀመጣል። እንዴት ያለ ትሑት ልጅ ነበር! ድስቱ ሥሩ እስኪታይ ድረስ ነበር ትሕትናው።

ምን? እግሩ ተንቀሳቀሰ? ሕልም ነው። ሰው ሲተኛ እግሩ ይሮጣል፤ የሚሸሸው ነገር ይኖረዋል።

እሺ። ረዳቷ ፋብሪካው ወሰደችን። ሽማግሌው ዳይሬክተር በመካከላችን ሲዘዋወር እኔ ጋ ሲደርስ ቆመ። እጄ ላይ ለማስመሰያ የሰጡኝ የሻይ ትሪ ነበር። «ይሄ ልጅ አያያዙ ጥሩ ነው» አለ። «አንድ ነገር ትናገርልኛለህ? ሙሽራዋ ስታልፍ ሻይ እየጠራህ ትቀዳላታለህ።» አናንያ፣ የህንድ ፊልም እኮ ነው! እናቴ አዲስ አበባ እያለች ሲኒማ ቤት ገብታ አልቅሳ የወጣችበት፣ ቋንቋውን ሳታውቅ ዘፈኑን በቃሏ የያዘችው የህንድ ፊልም። እኔ ደግሞ ልናገርበት ነው!

ምን አልኩ? አንተ ብትሆን ምን ትላለህ? አንድ ነገር ሲሰጥህ ዘለህ ትይዛለህ? ሥነ ሥርዓት አለህ። እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ፣ አንገቴን ሰበር አድርጌ «ኖ፣ ኖ፣ ይቅርብኝ» አልኩ። ሁለተኛውን እየጠበቅኩ ነው እኮ! እሺታዬን ምላሴ ላይ አስቀምጬ! እዚህ አገር ሁለተኛ የሚለምን እንደሌለ አውቃለሁ። ሱቅ ውስጥ፣ ሥራ ላይ፣ ይሄ አይጠፋኝም። ግን ትልቅ ነገር ሲመጣብህ አፍህ ተመልሶ እናትህ ቤት ይገባል።

ፈረንጁ ላይ አልፈርድም፤ አያውቅም። ረዳቷም አታውቅም። ላሟ በጭራሽ አታውቅም። እዚያ ፋብሪካ ውስጥ የኔ «ይቅርብኝ» እሺ ማለት እንደሆነ የሚያውቅ አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ እሱም አጠገቤ ቆሟል። ምን ያደርግልሃል ብለህ ትጠብቃለህ? ለሽማግሌው «እንደገና ጠይቀው» ይላል፣ አይደል? አየህ፣ አንተም እንደኔ ጠባብ ነህ። እሱ አርቆ ነው ያሰበልኝ። ድካም እንዳይበዛብኝ ብሎ፣ ትንፋሼን ሳልጨርስ «አይ ዊል ዱ ኢት!» አለና ትሪውን ከእጄ ተቀበለኝ። ከባድ ትሪ ነበር እኮ። ዛሬ የጓደኛውን ሸክም የሚያነሳ ሰው የት ይገኛል?

ቆይ፣ ፎጣው እየበረደ ነው። አንድ ትኩስ ልጨምርበት… አይዞህ ወዳጄ፣ ተኛ፣ ተኛ። ይሄ ሰው ቅዳሜ ፕሮግራም አለብኝ ብሏል፤ ቆዳው መለስለስ አለበት። የአጋጣሚ ነገር ነው፤ ቅዳሜ ስንት ፕሮግራም አለ።

የት ደረስኩ? አዎ፣ ተሰጥኦው። የሚለው «ጋረም ቻይ» ነው፤ ትኩስ ሻይ ማለት ነው። አንክል ጉርሚት በትዕግሥት አስተማሩት። ካሜራው ሲነሳ ልጁ አንገቱን አስግጎ እንደ አዲስ አበባ የሜክሲኮ ታክሲ ረዳት «ጋረም ቻይ! ጋረም ቻይ! ጋረምቻይጋረምቻይጋረምቻይ!» ብሎ ለቀቀው፤ አንድ ሰው ብቻ የቀረው ይመስል። ልታለቅስ የተዘጋጀችው ሙሽራ በሳቅ ፈረሰች። እንደገና ተባለ። ሻዩን ሲቀዳ እጁ ተንቀጥቅጦ ልብሷ ላይ ደፋው። ልብስ ቀየረች። እንደገና። ሌላ ልብስ። ላሟ ሰለቻትና ተኛች። ፍርሃት ነው አልልም፣ እንዴት እላለሁ? አንዳንድ እጅ ከደስታ ብዛት ይንቀጠቀጣል።

ከምሳ በኋላ ልጁ ከላሟ ጋር ፎቶ ሲነሳ ረዳቷ ወደኔ መጣች። «ሻይ ከፍ አድርገህ መቅዳት ትችላለህ? እጅህን ብቻ ነው የምንቀርጸው» አለች። ያኔ ተምሬ ነበር። አንዴ ስትጠይቀኝ «የስ!» ብዬ ስጮህ ላሟ ነቃች። የሻይ ሻጩን እጅጌ አለበሱኝ፤ ቀዳሁ። አንድ ጠብታ አልፈሰሰም። ለማንም አላወራሁትም። እጅ ነው፣ ምን ይወራል?

ዓመት አለፈ። ፊልሙ አውሮፓ ሄዶ ትልቁን ሽልማት ይዞ መጣ፤ ያ ሁሉ ጋዜጣ ጻፈለት። ልጃችንም መነጽሩን አደረገ። ደስ አለኝ፤ ለምን አይለኝም? አንድ ቀን ጋሼ መርጋ፣ የአማርኛ ሬዲዮው አዘጋጅ፣ እንግዳ አድርገው ጠሩት። እናቴ ኮሪደሩን ሁሉ ሰበሰበች። «ልጄም አብሮት ሠርቷል፤ ስሙን ያነሳዋል» ብላ ኬክ ገዛች። እናቴ ኬክ ስትገዛ አይተህ ታውቃለህ? ሴቶቹ ሶፋው አልበቃ ብሏቸው አልጋ ጫፍ ተቀምጠው ያዳምጣሉ። እኔ ወጥ ቤት ቆሜያለሁ፤ ስሜ ሲጠራ ያልሰማሁ ለመምሰል።

ልጁ አነሳኝ። እውነቱን ልናገር፣ አልረሳኝም። ምን አለ መሰለህ? «ይሄ ቦታ መጀመሪያ የቀረበው ለአንድ አብሮ አደጌ ነበር። ካሜራውን ሲያይ ፈራ። አልችልም አለ። ሰው ፊት ከሚያፍር ብዬ እኔ ገባሁለት።»

ስሜን አልጠራም። ጨዋ ነው። ግን ካርልተን ፎቁ ላይ ስንት አብሮ አደግ አለው?

እናቴ ሬዲዮውን ዘጋችው። ኬኩን የነካው የለም። ሴቶቹ ሲወጡ አንድ በአንድ ትከሻዋን እየነኩ «አይዞሽ፣ ዓይን አፋር ልጅ በረከት ነው» ይሏታል። ጎረቤታችን እትዬ መታሰቢያ በማግሥቱ በኮካ ጠርሙስ ጸበል ይዘው መጡ። ለፍርሃት! ጠዋት ጠዋት ፊቴ ላይ እንድትረጭብኝ አዘዟት። አትሳቅ! ከዚያ ጊዜ ጀምሮ ተኝቼ ቀና ባልኩ ቁጥር ጠርሙሱ ከራሴ በላይ ነው። ጸበሉ አይደለም የከበደኝ። የሬዲዮው ቀን ሁሉም ከሄዱ በኋላ እናቴ ቁልቁል እያየች «ፈርተህ ነበር እንዴ፣ ልጄ?» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ቤተ ክርስቲያን ከኋላ ነው የምትቆመው፤ ቅዳሴው እንዳለቀ ማንንም ሳትሰናበት ትወጣለች። ሊፍት ውስጥ ሰው ካለ ቦርሳዋን እንደረሳች ሆና ትመለሳለች። በኔ የተነሳ እኮ ነው።

እና ሲኒማ ወሰድኳት። እዚያው ካርልተን። ከሰፈራችን እስካሁን ፊልሙን ያየነው እኔና እሷ ብቻ ነን መሰለኝ። ኮከቡ ራሱ አላየውም አሉ። «ከሕዝቤ ጋር ነው የማየው» ብሏል። ታላቅነት እኮ ነው! ሌላ ሰው ቢሆን ቀድሞ ሮጦ ያይ ነበር፣ ምን አለሁበት ብሎ…

ወዳጄ፣ እጅህን አስገባ፤ ፎጣውን አትንካው። ያቃጥልሃል።

የባቡር ጣቢያው መጣ። ሙሽራዋ እየሮጠች ገባች። ጭሱ ወፍራም ነው፤ ሰው አይለይም። ከጭሱ ውስጥ «ጋረም ቻዪዪ…» የሚል ድምፅ መጣ፣ ረጅም፣ እንደ እንጉርጉሮ የሚያሳዝን። ማን ቢሆን ጥሩ ነው? አንክል ጉርሚት! የልጃችንን ድምፅ አውጥተው የሳቸውን አስገቡ። ቀጥሎ እጅ መጣ፤ ስክሪኑን ሞላው። ሻዩ ከላይ እንደ ክር ይወርዳል፤ ሙሽራዋ እሱን እያየች ነው የምታለቅሰው። አውራ ጣቱ ላይ ጠባሳ አለ። ሕፃን ሆኜ የቲማቲም ቆርቆሮ የቆረጠኝ። እናቴ ወንበሯ ላይ ቆመች! «የልጄ እጅ ነው! በመድኃኔዓለም፣ የልጄ እጅ ነው!» ከኋላ ሽሽ ይላሉ። «ምን ሽሽ ትሉኛላችሁ፣ ቁስሉን እኔ ነኝ ያሰርኩለት!» በአማርኛ። ከዚያ ተቀምጣ እስከ መጨረሻው አለቀሰች። እንደ ድሮዋ።

ልጁ የታለ ነው የምትለው? አለ! እንዴት አይኖርም? ጭሱ ትንሽ ገለጥ ሲል፣ ከምሰሶው አጠገብ፣ በግራ በኩል… ጆሮው አለ። አንድ ጆሮ። እኔ በሙያዬ ስንት ጆሮ አይቻለሁ፤ እንደዚያ የሚተውን ጆሮ ግን አላየሁም። አይንቀጠቀጥም፣ ሻይ አይደፋም፣ ረጋ ብሎ ሙሽራዋን ይሰማታል። ጋዜጣው ላይ አንዱ ምን ብሎ እንደጻፈ የአክስቴ ልጅ አነበበችልኝ፦ «በዚህ ፊልም ውስጥ የማይፈራ ነገር ቢኖር የሻይ ሻጩ እጅ ብቻ ነው።» እኔ በበኩሌ ተናድጃለሁ። ስለ ጆሮው አንድ ቃል አይጽፍም?

የማይፈራ እጅ… ስማ እንግዲህ፣ ጸበል የሚረጭበት እጅ።

ለቅዳሜ ዝግጅቱ ትልቅ ነው። ጋሼ በቀለ፣ የማኅበሩ ሊቀመንበር፣ ለኮከቡ ካባ አሰፍተዋል። ልጁ እናቱን የፊት ወንበር ላይ ያስቀምጣታል፤ ዘመድ ከአደሌድ ይመጣል። መብራቱ ይጠፋል፣ ሁሉም ፊቱን ለመቅረጽ ስልኩን ያነሳል… እኔ ለነሱ ነው የማዝነው፤ ጆሮ ፈጥኖ ያልፋል። ቀኝና ግራውን ያላወቀ ያመልጠዋል።

እኔ? ምን አደርጋለሁ? ምንም! ማይክ አልይዝም፣ እጄንም አላወጣም። እኔ ፈሪ ነኝ፤ በሬዲዮ ተነግሯል። ግን አንዳንዴ አስባለሁ… እናቴ ስልክ ቁጥሯን አልቀየረችም። ቤቷም ያው ነው፣ ያው ኮሪደር፣ ያው በር። አንድ ሰው ከቅዳሜ በፊት ብቅ ብሎ «እትዬ አስካለማርያም፣ ልጅዎ አልፈራም፤ እኔ ነኝ የቀደምኩት» ቢላት ምን ይጎድልበታል? ጋሼ መርጋ ሬዲዮ ላይም እንደዚያው ቢል። እራት እንኳ ታቀርብለት ነበር። እንዲያውም ያኔ እኔም ቅዳሜ አዳራሹ ውስጥ ለእናቴ «ጆሮውን አየሽው?» የምለውን ነገር እረሳው ነበር መሰለኝ። ግን ማን ይነግረዋል? ስሙን አልጠራሁም፣ እሱም እዚህ የለም።

አሁን እንግዲህ ፎጣውን ላነሳለት ነው። ፊቱ ቀልቷል? ከጆሮው ላይ ያስታውቃል፤ ሙቀቱ ነው። ወዳጄ፣ ነቃህ? ደህና ተኛህ? ምንም አልሰማህም፣ አውቃለሁ። አትንቀሳቀስ፣ ምላጭ ነው… አናንያ፣ ያንን ሳሙና አቀብለኝ።

እህ፣ ዋናውን ሳልነግርህ! ቅዳሜ መድረክ ላይ የሚመርቀው ማን ይመስልሃል? እናቴ! ጋሼ በቀለ «ያሳደጉት እርስዎ ነዎት፤ እርስዎ ይመርቁልን» ብለው መጡ። እሷም በሥርዓቷ «ኧረ ይቅርብኝ» አለች። «በሞቴ» አሏት። «ኧረ እኔ አልችልም።» «በሞቴ ስልዎት!» ከዚያ እሺ አለች። ያገሯ ሰው ነው የለመናት፣ አየህ። እናቴ አሽሙር የሚባል ነገር አታውቅም፤ የዋህ ሴት ናት፤ ከልቧ ነው የምትመርቀው። ዛሬ ጠዋት ጸበሉን ረጨችብኝና፣ ከበሩ ልወጣ ስል ክንዴን ያዝ አድርጋ «ቆይ፣ እንዳይጠፋኝ ባንተ ላይ ልለማመድ» አለችኝ። ዓይኗን ጨፍና፣ ሁለት እጇን ዘርግታ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ እንዲህ አለች፦

«ልጄ፣ እግዚአብሔር ከፍ ያድርግህ። ስምህ ከአገር አገር ይጠራ። ጆሮህ ክፉ አይስማ። በሄድክበት ቤት ሁሉ ማዕዱ ሙሉ ይሁንልህ። አፍረህ ‹ይቅርብኝ› ባልክ ጊዜ ደግሞ፣ አጠገብህ ቆሞ ‹በሞቴ› የሚልህ ጓደኛ አያሳጣህ።»